አንድ አለ

ሞተር ነው የማድን፣ ወደቡ ዳር ቆሜ፣
በዘይት ተጽፏል፣ በጥፍሬ ሥር ስሜ።
ቧንቧው ተደፍኖ፣ ጀልባ ደሴት ሲቀር፣
«ልጃለም ይጠራ» ነው፣ የካፒቴን ነገር፤
ነፍቼ፣ ከፍቼ፣ ጠርጌ በሽቦ፣
አስነሣዋለሁኝ፣ ሰው እያየኝ ከቦ።

ልጃለም ብለውኛል፣ ልጅ ነው ዓለም ብለው፤
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ስሜ ሲጠራ ነው
አንገቴን የምደፋው፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው።

ጥፋቱ የሷ ነበር።
እንዲያ ነው የታመነው፣ ማንም ሳይመረመር።
እናቴ ይታክቱን፣ ይዛት ዘጌ ሄደች፣
ሰባት ቀን ጠበሉን፣ በባዶ ሆድ ጠጣች፤
ከዚያም ሥር ተማሰ፣ ከዚያ ቅጠል ታሸ፣
ከዚያ ስሟ በሰፈር «መካኒቱ» ሆኖ አመሸ።
እኔም ዝም አልሁኝ።
ዝም ማለት ይቀላል፣ ጥፋት በሰው ሲሆን፤
ያ ዝምታ ዛሬም፣
ባወጣው አይወጣም፣ እንደ ዛገ ብሎን።

አንድ ቀን ወረቀት፣ ዘርግታ ፊቴ ላይ፣
«እኔ ጤነኛ ነኝ፤ አንተስ? ሂድና ታይ።»

ሄድሁ። ትንሽ ዕቃ ሰጡኝ፣ ክዳኗ ቢጫ፣
ቁልፍ ያላት ክፍል፣ አንዲት መቀመጫ።
ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ክብ እንደ ቀለበት፣
መሐሏን አየሁት፣ ምንም ነገር የለበት።

ዶክተር ይርዳው ግን፣ ባዶ ወረቀት ስቦ፣
ቧንቧ ሣለ፣ ቀጭን፣ ተጠማዝዞ ተሳስቦ።
«ወይ ተደፍኗል መውጫው፣ ወይ ደክሟል ምንጩ፤
ካልከፈትን አይታወቅ፣ ምን እንዳለ ውስጡ።»
በዚህስ አልፈራሁም፤ ይኼ የኔ ቋንቋ ነው፣
እኔም ለባለ ጀልባ፣ እንዲሁ ነው የምለው።

ከወገቤ በታች ደነዘዝሁ።
አረንጓዴ ጨርቅ ሆዴ ላይ ተጋርዷል፣
ቢላዋውን አላየሁም፤
ጆሮዬ ግን ነቅቷል።
ከመስኮቱ ማዶ፣ አሣ አጥማጆቹ
በቆሮሶ ዋጋ፣ ከነጋዴ ጋራ ይሟገታሉ፤
ከመስኮቱ ወዲህ፣ ክር የመሰሉ ሥጋዎች
ከሐኪሙ መቆንጠጫ፣ ወደ ጎን ክፍል ይሄዳሉ።
እዚያ እማዋይሽ አለች፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፕ ተክላ።
«የለም።»
ሌላ ክር።
«የለም።»
ሌላ።
«እዚህም የለም»፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
እኔ እንዳልሰማት ብላ።

ዓባይ በጣና ሆድ፣ ሳይቀላቀል ያልፋል ይባላል።
ሃያ ዓመት ውኃው ላይ ስውል፣
መስመሩን አንድም ቀን አላየሁት።
ላዩ ዝም ያለ ነው፣ ለጥ ያለ፣ መስተዋት፤
ድልድዩ ጋ ስትደርስ ግን፣ ወንዝ ሆኖ ታገኘዋለህ።
ጀርባዬ ላይ ተኝቼ፣ ይኼን ነበር የማስበው፤
ምናልባት አለ ብዬ፣ ምናልባት ላይ ላዩን ነው።

«ቆዩ!» አለች።
ሐኪሙ እጁን ገታ። እኔም ትንፋሼን ያዝሁ።
«አንድ አለ… አዎ፣ ጅራቱን እየነቀነቀ ነው።»

አንድ።
ሚሊዮን አይደለም፤ ሌላው ሰው ሳያውቀው የሚያፈሰው።
አንድ ብቻ፣ ተለምኖ የተገኘ፣
ውኃ ውስጥ እንደ ወደቀ ብሎን፣ በዳሰሳ የተያዘ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስድስት ተለቀሙ፣
በበረዶ ዕቃ፣ በኔ ስም ታተሙ።
«ልጃለም» ይላል ጽሑፉ፣ ከመርፌ በቀጠነ እስክሪብቶ፤
ስሜን እንዲህ ደፍሬ አይቼው አላውቅም፣
አንገቴ ቀና ብሎ።
ልጅ አይደሉም ገና። ይሆናል ወይ አይሆንም፣
ማንም ሰው ለማንም፣ አልማለም፣ አይምልም።

ይታክቱ በረንዳው ላይ ነበረች፣ ነጠላዋ በእጇ ተጠቅልሎ።
ሐሜተኛው ታከተ፤ እሷ አልታከተችም።
«ይቅር በዪኝ» አልኋት፤ ስለ ምን እንደሆነ
ልነግራት ስጀምር፣
«መጀመሪያ ቀስ ብለህ እርገጥ» አለችኝ። «ሌላው ይደርሳል።»

ባጃጅ ያዝን። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ፣
እኔ እግሬን አንፈርክኬ፣ ጥርሴን ግጥም አድርጌ።
ሾፌሩ ጎረምሳ፣ ዘፈኑን ለቆት ይበራል፤
ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ ፊቷን ኮስተር አርጋ፦
«ቀስ በል የኔ ወንድም፤ እንቁላል ይዘናል።»